ጣሪያውን ማን ያድሳል?

ቴአትር ተምረው የተመረቁ ወጣቶች ምክር ፈልገው ወደ እኔ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ መድረክ ነው። የትኛው ተውኔት ቢመረጥ ተመልካች ይመጣል? ተዋናይ እንዴት ይመለመላል? ከደራሲ ጋር አለመግባባት ሲፈጠር ምን ይደረጋል? የማውቀውን ያህል እመልስላቸዋለሁ። ከዚያ ተራው የእኔ ይሆንና እጠይቃቸዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ፔሮሉ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ስንት ናቸው? መብራት የሚያበራው፣ አልባሳት የሚያጥበው፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው ከየት ይከፈለዋል? ክረምት ሲገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ማን ያድሳል? ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ይህን የሚያስተምር ክፍል እኛም ዘንድ አልነበረም።

ቴአትር የተማርኩት አዘጋጅ ልሆን ነበር። በወጣትነቴ በነበርኩበት አማተር የቴአትር ክበብ ውስጥ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ታጣና ደረሰኞቹ እኔ እጅ ገቡ፤ እንደገቡም ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ዝግጅት አስተባባሪ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የቦርድ አባል፣ ገንዘብ አሰባሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው ያመለጠኝን መድረክ እየናፈቅሁ አይደለም። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንድ ተውኔት ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ ለብሶና ተኩሎ ሕዝብ ፊት እስኪቆም ድረስ ያለውን የገንዘብ መንገድ ጠርጎ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የተገነዘብኩት ነገርም ይህ ነው፦ ሕዝባችን ለጥበብ ስስታም አይደለም። ለአንድ ሌሊት ሲሰጥ እጁ ሰፊ ነው። የጎደለን ለቤቱ የመስጠት ልማድ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጨርሶ ያልነበረን ሳይሆን ከእጃችን የወጣ ልማድ ነው።

ከለጋስነቱ ልጀምር። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መካከል ይዞራል፤ ስም ይጠይቃል፣ አገር ይጠይቃል፣ ያየውን መልክና አለባበስ በግጥም ያነሣል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውርለታል። ግጥሙ ልቡን የነካው ሰው ከመቀመጫው ይነሣና ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። በሠርግም፣ በባህል ምግብ ቤትም፣ በዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ያው ነው፤ የሚለወጠው ገንዘቡ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሽልማት አከብረዋለሁ። በሰጪና በተቀባይ መካከል ኮሚቴ የለም፣ የማመልከቻ ቅጽ የለም፣ የሪፖርት ቀነ ገደብ የለም። ሰውየው ሰማ፤ ተደሰተ፤ ከፈለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የጥበብ ግብይት በየትም ቢፈለግ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ነገር ግን ሽልማት የሚያየው ፊት ለፊት የቆመውን ነው። ከኋላ ከበሮ የሚመታው፣ ድምፅ የሚቆጣጠረው፣ የተወዛዋዦቹን ልብስ የሚሰፋው ሰው ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት የለም። የምሽቱ ሽልማት ተሰብስቦ በሚካፈልበት ቤት ደግሞ በክፍፍሉ ላይ ቅሬታ አይጠፋም፤ ዕጣው ያነሰበት ሰው ቤት መቀየር ይጀምራል፤ ቡድኑም ሳይጠና ይበተናል። ድምፁ የተዘጋ ዘፋኝ በዚያ ሳምንት ሽልማት የለውም። ጉልበቱ የተጎዳ ተወዛዋዥ ምንም የለውም።

ታዲያ ያ ድምፃዊ ወይም ያች ተዋናይት ሲታመሙ ምን ይሆናል? ያኔ እንደገና ለጋስ እንሆናለን። በቴሌቪዥን ጥሪ ይደረጋል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነበባል፤ የሙያ ጓደኞች የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ያዘጋጃሉ፤ በውጭ አገር ያለውም ወገን ይረባረባል። የሚገኘው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ሰውየው በሥራ ዘመኑ ሁሉ በደመወዝ ካገኘው ይበልጣል። በእንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ገንዘብ ሲቆጠር ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ አሳብ አንድ ነው፦ የዚህ ገንዘብ ጥቂቱ ከዓመታት በፊት፣ ሰውየው ጤነኛ ሳለ፣ ለጡረታው ወይም ለሕክምና ዋስትናው ቢውል ኖሮ ዛሬ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ባልተለመነለት ነበር። ለሌሊቱም ለሕመሙም እንሰጣለን። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም የሥራ ዕድሜ ግን ሰጪ የለውም።

ልማዱ ነበረን ያልኩትን ላስረዳ። በዚህ አገር ረጅም ዕድሜ ያለው፣ በሥርዓት የሚጠና፣ በድምፅና በእንቅስቃሴ የሚከወን ጥበብ የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ነው። ድጓ ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ጎንደር ይኬዳል። ከሕፃንነቱ የጀመረ ተማሪ መምህር እስኪሆን ድረስ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዓመታትን ይፈጃል። ይህ ሁሉ በምን ይኖር ነበር? ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም መንደሩ ካለው ላይ ቁራሽ ይሰጠዋል። የሚማርበትን ቤት የሚያኖረው ደግሞ መሬት ነበር። አድባራቱ ርስትና ጉልት ነበራቸው፤ በቅኔ ማሕሌቱ ቆሞ የሚያገለግለው ደብተራ የድርሻ መሬት ነበረው፤ መሬቱም ከአገልግሎቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለነፍሳቸው ብለው የሰጡት ርስት ሰጪው ከሞተ በኋላም ዜማውን ያኖር ነበር። ዛሬ ባደጉት አገሮች ኦርኬስትራና ኦፔራ ቤት የሚያኖረው ቋሚ ሀብት አሠራሩ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ዋናው አይነካም፣ ፍሬው ይበላል።

በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰው ገበሬ ምን ያህል ይጨነቅ እንደነበር ሳላነሣ ማለፍ ግን አይገባኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ለጭሰኛው የተመለሰለት መብት ነው፤ እንዲመለስ የምመኝ ነገር የለም። የማዝነው በሌላ ነው። ያ መሬት ሲወሰድ ከእህሉ ጋር ሌላ ምን ይኖርበት እንደነበር የጠየቀ ሰው አልነበረም። የዜማ መምህሩ ከምን ይበላል? ጉባኤ ቤቱ በምን ይታደሳል? አንዱ የገቢ ምንጭ ሲደርቅ በቦታው ሌላ ሳይተካ ቀረ። ይህ አለመጠየቅ እስከ ዛሬ ድረስ ከጥበብ ቤቶቻችን አልተለየም።

ወደ ዘመናዊው መድረክ ስመጣ መጀመሪያ የማገኘው የቤተ መንግሥትን እጅ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች ተባሉ። የነሐስ ሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እርሱ ነው። ሁልጊዜ የሚወራልን ስለ መዝሙሩ ነው። እኔን በይበልጥ የሚስበኝ ግን ከበስተጀርባው ያለው ውሳኔ ነው። አንድ መስፍን አርባ ልጆችን በየወሩ ሊያኖር፣ ሊያስተምር፣ ደመወዝ ሊከፍል ተስማማ። ለአንድ ድግስ የተቀጠሩ አልነበሩም። ሙዚቃ በዚያች ከተማ ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ አገር ፍቅር መጣ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ደጅ በደረሰበት ጊዜ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያ አገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ። ሕዝቡ በንግግር፣ በግጥምና በዜማ እንዲነቃ ነበር ዓላማው። ከነጻነት በኋላም ማኅበሩ ተመልሶ ቆመ፤ ፒያሳ ያለው ቤት እስከ ዛሬ ስሙን ይዟል። ጥላሁን ገሠሠ ያለፈው በዚያ መድረክ ነው፤ አስቴር ዐወቀም እንዲሁ። አቶ መኮንን በልዩ ልዩ ሚኒስቴሮች ውስጥ የሠሩ ባለሥልጣን ነበሩ። መኳንንቱ አዝማሪን በሚንቁበት ዘመን አንድ ሚኒስትር ለዘፋኝና ለተዋናይ ቤት ሲደራጅ ቀዳሚ መሆኑን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ደጋፊነት በአንድ ሰው ላይ ሲንጠለጠል የዚያ ሰው ዕጣ ለቤቱም እንደሚያሰጋው ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

በ1948 ዓ.ም. የንግሥናው 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ሕንፃውን ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ጣልያኖች ነበሩ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር እርሱ ነው። ኔርሴስ ናልባንዲያን በሙዚቃው ክፍል ያሠለጠናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቤቱን በዳይሬክተርነት መርቷል። ስለ ጸጋዬ ተውኔቶች የተጻፈው በጣም ብዙ ነው፤ የሚገባውም ነው። ስለ ዳይሬክተሩ ጸጋዬ ግን ለማንበብ ብፈልግ የማገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በጀቱን እንዴት ያስፈቅድ ነበር? ከባለሥልጣናት ጋር ምን ይነጋገር ነበር? የተዋናዮቹ ደመወዝ እንዲጨመር ደብዳቤ ጽፎ ያውቃል? ለእኔ ቢጤ ሰው ይህ ታሪክ ወርቅ ነበር። የመሪዎቻችንን ድርሰት እንጂ አመራራቸውን መመዝገብ ልማዳችን አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት ብቸኛው አሳዳሪ ሆነ፤ ተዋናዩና ሙዚቀኛው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በዚህ ላይ ማማረር ቀላል ነው፤ እኔ ግን የወር ደመወዝና ጡረታ ማለት ለተዋናይ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አላቃልለውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ የመንግሥት ቴአትር ቤት ተቀጣሪው ደመወዙን ሲያገኝ፣ በግል የሚሠራው ተዋናይ በዚያው ሳምንት ገቢው ዜሮ ሆነ። የመንግሥት በጀት ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሰውን ያኖራል፤ ሥራውን ግን ብዙ ጊዜ አያኖርም። ደመወዝ የሚከፈለው ተዋናይ አለ፤ ለአዲስ ዝግጅት አልባሳትና የመድረክ ዕቃ መግዣ ግን ግዥው ተፈቅዶ እስኪወጣ ወቅቱ ያልፋል።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደ አርአያ የማየው ሰው ተስፋዬ ለማ ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጀማሪው ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነበር። ከእርሱ በኋላ ጆን ኮ የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ መራው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ተስፋዬ ተረከበው። አሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በአንድ መድረክ አብረው ይጫወቱ። መሣሪያዎቹን የሚያውቅ ሰው ግን ችግሩን ወዲያው ያየዋል። ክራር ተጫዋቹ ክሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ማሲንቆውም እንደዚሁ። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ድምፁ የተወሰነ ነው፤ ለዚህ ነው ዋሽንተኛ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶችን ይዞ የሚዞረው። ብቻውን መጫወት የለመደ አዝማሪ ከሌላው ጋር ድምፁን አስማምቶ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ሌላው ሲጫወት ዝም ብሎ ተራውን እንዲጠብቅ ማድረግ የወራት ሥራ ነው።

ያንን ሥራ የሚሠራው ደግሞ ልምምድ ነው። ልምምድ ማለት ክፍል ማለት ነው፤ በየቀኑ እዚያ ክፍል ለመገኘት የሚያስችል ደመወዝ ማለት ነው። ኦርኬስትራው እ.ኤ.አ. በ1969 «ዘ ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞር ተመልካቹ ያጨበጨበው ለምሽቱ ነበር፤ ያ ምሽት ግን የተከፈለው ከዚያ በፊት ባለፉት የልምምድ ዓመታት ነው። ጉዞው እንዲሳካ የደከመው ቻርልስ ሳተን ራሱ የሰላም ጓድ ሆኖ መጥቶ ማሲንቆ ከጌታመሳይ አበበ የተማረ ሰው ነበር። ገንዘብ ከሚያመጣው ሰው ይህን ነው የምመኘው፤ የሚደግፈውን ነገር በጣቱ የሚያውቅ ሰው።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ ኦርኬስትራው ተበተነ። ተስፋዬም በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን የኢትዮጵያን ኪነ ጥበብና ባህል የሚያስተዋውቅ ማዕከል መሠረተ፤ እዚያም ተወዛዋዥና ሙዚቀኛ እየሰበሰበ ሠራ። በ2005 ዓ.ም. በዚያው አገር አረፈ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ሥራ ሲጀምርና እንደገና ሲጀምር መኖሩ ያስደንቀኛል፤ ያስቆጨኛልም። በጥሩ መሠረት ላይ የቆመ ተቋም ቢኖረው እንደገና መጀመር ባላስፈለገው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የማይፈርስ፣ ዳይሬክተሩ ሲሄድ የማይዘጋ ቤት ማለቴ ነው።

የእኔ ዕለታዊ ሥራ ከዚህ ታሪክ በጣም ያነሰ ነው። አብዛኛው ጊዜ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ መጠበቅ ነው። የስፖንሰር ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ያውቁታል፦ ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር እየተባለ ይከፈላል፤ በየደረጃው ስንት ባነር እንደሚሰቀል፣ አርማው ትኬቱ ላይ ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ስንት ጊዜ ከመድረክ እንደሚመሰገኑ ይዘረዘራል። የድርጅቱ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ የሚጠይቀኝ ስንት ሰው ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ይገኛል ወይ የሚለውን ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሰውየው የሚገዛው ማስታወቂያ ነውና። ስለዚህም ነው ማስታወቂያና ስጦታ አንድ አይደሉም የምለው። የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ሲከለከል ልዩነቱ በግልጽ ታየ። የሙዚቃ ዝግጅቶች ትልቁ ገንዘብ አምጪ የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ሕጉ ለጤና ብሎ የወጣ ነው፣ አልቃወመውም። ያ ገንዘብ ሲቀዘቅዝ ግን በርካታ አዘጋጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አርማውን የሚያሳይበት ቦታ ሲያጣ የሚሄድ ገንዘብ መጀመሪያውንም የጥበቡ ወዳጅ አልነበረም።

የውጭ ባህል ተቋማትና ኤምባሲዎች ነገር ደግሞ ለየት ይላል። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. ከ1907፣ የጎተ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አዲስ አበባ አሉ፤ ለብዙ ወጣት ባለሙያ መጀመሪያ በራቸውን የከፈቱት እነርሱ ናቸው። ለዚህ ውለታቸው አለብን። የፕሮጀክት ገንዘብ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ለሥልጠና ይሰጣል፣ ለሰልጣኝ አበል ይሰጣል፣ ለቪዲዮ ቀረጻ ይሰጣል። ለቤት ኪራይ፣ ለዘበኛ ደመወዝ፣ ለጣሪያ ሲባል «የአስተዳደር ወጪ» ይባልና ይሰረዛል። አንድ ጊዜ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ አዳራሽ ኪራይ የጠየቅነው ተቆርጦ፣ ልምምዱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለማንሳት የተጠየቀው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተፈቀደልን። ደብዳቤውን ደጋግሜ ያነበብኩት ትዝ ይለኛል።

ረጅም ትንፋሽ ያለው ድጋፍ ምን እንደሚያደርግም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ከመቶ የሚበልጡ የአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ መድረክ ላይ አቆመ። ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ አንድ የሚያምር ምሽት ሆኖ ይቀር ነበር። አላበቃም፤ ከልጆቹ መካከል የተመረጡት ለዓመታት በሙሉ ጊዜ ሠለጠኑ፤ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ከዚያ ወጣ፤ እነርሱም በተራቸው አሠልጣኞች ሆኑ። ለዓመታት የሚሆን ቃል የሰጠ ሰው በመኖሩ ነው።

በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው ደጋፊዎች ሁሉ የማልረሳቸው መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት እናት ናቸው። ለመድረክ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ሄጄ ነው የተዋወቅነው። ብዙ ሜትር በመፈለጌ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ በጨዋታ መሐል የልምምድ ክፍሉ ባለቤት ኪራይ ጨምሮ ሊያስወጣን እንደሆነም ተነሣ። «ልጄ፣ እኔ ስለ ቴአትር አላውቅም» አሉኝ። «ስለ ቤት ኪራይ ግን ማንም አይነግረኝም። ቤት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ኪራዩን እኔ እችለዋለሁ። ደረሰኙን ግን በየወሩ አያለሁ።» ለዓመታት ቻሉት። ስማቸው ባነር ላይ እንዲወጣ ስንጠይቃቸው ተቆጡ። ደረሰኙ አንድ ቀን ሲዘገይ ግን ደውለው ይጠይቁ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያ ቡድን ያዘጋጃቸው ሥራዎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ካየኋቸው ይልቃሉ፤ ተዋናዮቹ የት እንደሚለማመዱ ሳይጨነቁ ጠዋት መጥተው ማታ ይሄዱ ነበርና።

ሕጉም ቢሆን በሩን ጨርሶ አልዘጋም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጋዴ ለተፈቀዱ የበጎ አድራጎት ዓላማዎች የሚሰጠውን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪ እንዲያስይዝ ይፈቅዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም ከበፊቱ የተሻለ ነጻነት ሰጥቷል። ሆኖም ካነጋገርኳቸው ነጋዴዎች ውስጥ ለቴአትር ቡድን መስጠትና ለበጎ አድራጎት መስጠት በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ ብሎ ያሰበ እምብዛም አላጋጠመኝም። ለወላጅ አልባ ሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለቤተ እምነት መስጠት ጽድቅ ነው፤ ለጥበብ መስጠት ግን መዝናናት ይመስላቸዋል። ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ደንብ ብቻ አይበቃም፤ እኛ የምንመራው ሰዎች ደጋግመን ማስረዳት አለብን።

በዚህ ረገድ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል። በጎንደር ዜማ ሲማሩ የቆሎ ተማሪዎቹን ኑሮ አዩ፤ ከቤታቸው ርቀው፣ እየለመኑ የሚማሩና ሜዳ የሚያድሩ ልጆችን። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ፒያኖ ግን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች እንዲውል ነበር። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ገዳማቸው እስኪያርፉ ድረስም ሙዚቃቸው ለሌላው መርጃ እንዲሆን ይሹ ነበር፤ በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽንም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይሠራል። እኛ ጥበብን ተቀባይ፣ ባለሀብትን ሰጪ አድርገን እናያለን። እርሳቸው ዘንድ ሰጪዋ ጥበብ ነበረች።

መላኩ በላይም በሌላ መንገድ ያንኑ አድርጓል። በልጅነቱ ጎዳና ላይ የኖረ፣ በካዛንችሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብር ብቻ እየጨፈረ ባንኮኒው ሥር ያድር የነበረ ሰው ነው። ያንኑ ቤት ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ሙዚቃ፣ ሥዕልና ግጥም በአንድ ግቢ ተገናኙበት፤ ቡድኑን ይዞም ዓለምን ዞረ። በሽልማት የጀመረ ሰው ሽልማቱን ወደ ቤት ለወጠው ማለት ነው፤ ይህን ስንቶቻችን ሞክረን ያልቻልነውን። ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሲፈርስ የፈንድቃ ግቢም ከነበረበት ተነሣ። ሥራው አልቆመም፤ ነገር ግን ከተማዋ አዲስ ስትሠራ እንዲህ ያሉ ቤቶች በፕላኑ ላይ ከመጀመሪያው ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ በሄድኩበት እናገራለሁ፤ መናገሬንም አልተውም።

አሁን ከጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር የምንሞክረው ነገር አለ። አሳቡን የሰጠን እድራችን ነው። በዘመድ ቀብር አንድ ቀን ብቻ የሚገኝ ሰው እንኳ ለእድሩ በየወሩ ይከፍላል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሚገዛው በዚያ ነው፤ ማንም ሰው ከመሞቱ በፊት። እኛም አባላት መዘገብን። መዋጮው ትንሽ ነው፤ በቴሌብርም በባንክም ይገባል፤ ከውጭ አገር የሚልኩም አሉ። ገንዘቡ ለዝግጅት አይውልም፤ ዝግጅት ትኬት ይሸጣል። የሚውለው ለአዳራሹ ኪራይ፣ ለጥበቃው ደመወዝ፣ ለመብራት ባለሙያውና ለጣሪያው ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ የወጣውን ወጪ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ደረሰኞቹን አያይዘን በሩ ላይ እንለጥፋለን፤ ተመልካች ከመግባቱ በፊት ቆሞ ሲያነበው አያለሁ። ይህንንም ከመርካቶዋ እናት የተማርነው ነው።

ኪራዩና ጥበቃው ተሸፍነዋል። የጣሪያው ቆርቆሮ ግማሹ ተቀይሯል፤ የቀረው ከክረምቱ በፊት እንዲያልቅ እየሠራን ነው። የመብራት ባለሙያው ደመወዝ ግን ገና ከመዋጮው አይወጣም፤ ለእርሱ የሚሆኑ አዳዲስ አባላት እየመዘገብን ነው።